እኔን ማን ጠየቀኝ

አገርነሽ መታመሟን ያወቀችው ከገዛ ጉሮሮዋ ነው። የምትሞት መሆኗን የሰማችው ግን ከጠላቷ አፍ ነው።

ጠላት ማለቱ እንኳ ሳይበዛ አይቀርም። የሺመቤት ትባላለች፤ ዓሣ ሻጭ ናት። ሁለቱ ሴቶች ባሕር ዳር፣ ጀልባዎች ዓሣ በሚያራግፉበት ዳርቻ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ዓሣ ሲበልቱ ነው ያረጁት። ያጣላቸው ጥላ ነው። በዚያ ዳርቻ አንድ ሰፊ ዋርካ አለ፤ ከሥሩ የተቀመጠች ሴት ዓሣዋ እስከ ቀትር አይበላሽባትም። አገርነሽ ልጇ ብሩክ የተመረቀ ዕለት ከሥራ ቀረች፤ በማግስቱ ስትመጣ የሺመቤት በቦታዋ ተደላድላ ጠበቀቻት። ከዚያ ወዲህ ብሩክ ሕግ አስተማሪ ሆነ፣ ፀጉሩም ከፊት ሳሳ፤ እነሱ ግን አልተነጋገሩም። አንዷ ስታልፍ ሌላዋ የዓሣ እጣቢ ወደ መንገዱ ትደፋለች፤ ሰላምታቸው ይኼ ነበር።

ታዲያ ይህች የሺመቤት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ነጠላዋን ለቅሶ እንደሚሄድ ሰው አዘቅዝቃ፣ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥላ በአገርነሽ በር ገባች።

«እንደምን ዋልሽ፣ አገርነሽ።»

አገርነሽ አልጋዋ ላይ ቀና አለች። «ቤት ተሳስተሽ ነው?»

«አልተሳሳትሁም። ይቅር እንባባል ብዬ ነው የመጣሁት። የዋርካው ነገር ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ጥፋተኛ አልነበርሽም። ዛሬ ማን ነገረሽ?»

የሺመቤት ዓይኗ እንባ ሞላ። «በእመብርሃን ይዤሻለሁ አታድክሚኝ። ቂም ይዘሽብኝ እንዳትሄጂ ነው።»

«ወዴት ነው የምሄደው?»

የሺመቤት ብርቱካኑን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

«የጉሮሮ ቁስል ነው ብለውኛል እኮ» አለች አገርነሽ።

«አዎ! ቁስል ነው፣ ቁስል ነው» አለች የሺመቤት ፈጥና። ፍጥነቷ አጋለጣት። አገርነሽ ዕድሜዋን ሙሉ «ዛሬ ጠዋት የወጣ ነው» እያሉ የትናንት ዓሣ የሚሸጡ ሰዎችን ፊት ስታነብ የኖረች ሴት ናት። ያን ፊት አሁን አልጋዋ አጠገብ አየችው።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አለቻት በመጨረሻ። «ዋርካውን ግን አልተውሁልሽም። ብርቱካኑንም ይዘሽው ሂጂ፤ የምውጥበት ጉሮሮ የለኝም።»

የሺመቤት እያለቀሰች ወጣች። አገርነሽ ብቻዋን ቀረች፤ የሰሞኑንም ነገር አንድ በአንድ ታስበው ጀመር።

በእኛ ዘንድ ለበሽተኛ ክፉ ወሬ አይነገርም። ሐኪሙ ያየውን አይቶ ሲያበቃ በሽተኛዋን አልፎ «ከቤተሰብ ማን አለ?» ይላል። ወንድ ልጅ ካለ ወንድ ልጁ ይጠራል። በር ተዘግቶ ይወራል። ከዚያ ልጁ ፊቱን አጥቦ ይወጣና «ቀላል ነገር ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ይህ ክፋት አይደለም፤ እንዲያውም የፍቅር ጥግ ተደርጎ ይቆጠራል። በሽተኛዋ ግን ከዚያች ቀን ጀምራ ስለ ራሷ ከጎረቤቷ ያነሰ ታውቃለች።

አገርነሽም ምልክቶቹ አልጠፏትም ነበር። መጀመሪያ ዳቦ አልወርድ አላት፣ ቀጥሎ ሽሮ፤ አሁን ወተት እንኳ በግድ ነው። ከሆስፒታል ከመጡ ወዲህ ደግሞ ሁሉም ሰው ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሁልጊዜ የሚነዘንዛት አከራይ ሰላም ሲላት ባርኔጣውን አወለቀ። ብሩክ በየቀኑ ይመጣል፤ ድሮ በዓል ሲሆን ብቻ ነበር የሚመጣ። እጇን ይዞ ይቀመጣል፣ ዓይኗን ግን አያይም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሁሉም መቆጣት ማቆሙ ነው። ሰው ካልተቆጣሽ ሰው መሆንሽን ረስቷል ማለት ነው፣ ብላ አሰበች።

ማታ ልጇ ሥርጉት ከፋብሪካ ሥራዋ ስትመለስ አገርነሽ በር በሩን እያየች ጠበቀቻት። ሥርጉት የብሩክ ታናሽ ናት፤ ከእናቷ ጋር የምትኖረው እሷ ናት፤ መዋሸትም አይሆንላትም፤ ስትዋሽ ጆሮዋ ይቀላል።

«ነቀርሳ ነው አይደል?» አለቻት አገርነሽ።

የሥርጉት ጆሮ ቀላ።

«ነጠላሽን እንኳ ሳታወልቂ ንገሪኝ።»

ሥርጉት አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እያለቀሰችም ሁሉን ነገር ነገረቻት። ነቀርሳ ነው፤ ተቆርጦ የሚወጣበት ጊዜ አልፏል። ሐኪሟ ግን አንድ ነገር ብላ ነበር፦ ጉሮሮው ጨርሶ ሳይዘጋ ሆዷ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ከፍቶ፣ በቀጭን ቱቦ ምግብ ማስገባት ይቻላል። አያድናትም፤ በረሃብ ከመሞት ግን ያተርፋታል፤ ወራት ልትኖር ትችላለች፤ ምናልባትም ከዚያ በላይ።

«ታዲያ?»

«ብሩክ እንቢ አለ።»

«ማንን ጠይቆ?»

«አንቺን እንዳትሠቃዪ ብሎ ነው እማዬ። ‹በቢላ ተቀድዳ፣ ቱቦ ተሰክቶባት ከምትቆይ ቤቷ ሆና በሰላም ትረፍ፤ ክብሯን ጠብቃ ትሂድ› አለ።»

«ክብሯን» አለች አገርነሽ። ቃሉን የት እንደ ሰማችው ታውቃለች። ከዚህ በፊት ባንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ ብሩክ ተጋብዞ ነበር። ዳርቻው ሁሉ ስልኩን ከፍቶ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ሳይቀሩ ሰሙት። በሌላው ዓለም ሕመማቸው የማይድን ሰዎች በገዛ ፈቃዳቸው፣ በሐኪም እጅ እንዲሞቱ የሚፈቅድ ሕግ ያላቸው አገሮች አሉ፤ እኛም ልንነጋገርበት ይገባል፤ ሰው በክብር የመሞት መብት አለው፣ አለ። አገርነሽ ያኔ ግማሹን አልሰማችውም። ድምፁ እንዴት እንዳማረ ነበር የምትሰማው። «የኔ ልጅ ነው» እያለች አንድ የአምባዛ ዓሣ በነፃ ለሰው ሰጠች።

ያን ማታ ሥርጉት አጥሚት ቀጭን አድርጋ አመጣችላት። አገርነሽ ማንኪያውን ይዛ ታገለች። ግማሹ ወረደ፣ ግማሹ ተመለሰ። አፏን ጠርጋ እንደገና ማንኪያውን ነከረች። ሥርጉት «ይበቃል እማዬ» ብትላት «ዝም በይ» አለቻት።

ይህች ሴት እንቢ ማለትን ዛሬ አልጀመረችም። አንበሳሜ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው የተወለደችው። ጡቷ ሳያጎጠጉጥ ዳሯት፤ ከሠርጉ ሰሞን አመለጠች። ይዘው መለሷት፤ እንደገና አመለጠች። ባሕር ዳር የገባችው ጤፍ የጫነ መኪና ላይ፣ ከማዳበሪያዎቹ መካከል ተሸጉጣ ነው። ሰው ቤት ሠራች፣ ድንጋይ ተሸከመች፣ በኋላ ዓሣ መበለት ለመደች። ባሏን ክንዱን ያገባችው ወዳ፣ መርጣ ነው። አናጢ ነበር፤ ጸጥ ያለ ሰው፤ ኩላሊቱ ከድቶት ከሞተ ሰንብቷል። ሁለቱን ልጆች ያስተማረችው በዓሣ ነው። አንዴ አንድ ደንብ አስከባሪ ቢላዋዋን ሊቀማት ቢመጣ፣ ቢላዋውን በስለቱ በኩል አቀበለችው፤ ሰውየው እጁን ሰብስቦ ሄደ ይባላል። እሷ ስትጠየቅ «እኔ ምን አደረግሁት፤ ውሰድ ነው ያልሁት» ትላለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ብሩክ የነፍስ አባቷን አባ ኃይለ ገብርኤልን ይዞ መጣ። አባ የቅብዓ ቅዱሱን ጠርሙስ ከካባቸው ሥር አወጡ። አገርነሽ መስቀል ተሳልማ ስታበቃ እንዲህ አለች፦

«አባ፣ ቅባቱ ይቆየን። መጀመሪያ ከልጄ ጋር ጉዳይ አለኝ።»

ብሩክ ሥርጉትን አየ። የሥርጉት ጆሮ ቀይ ነበር።

«ነገርሻት!»

«እሷ አይደለችም የነገረችኝ። ጠላቴ ናት የነገረችኝ። ዳርቻው ሁሉ ያውቃል፤ ዓሣ አጥማጁ ያውቃል፣ አከራዬ ያውቃል፣ ያቺ ዋርካ ቀሚ ታውቃለች። ሞቴ የኔ ሆኖ የመጨረሻዋ ሰሚ እኔ ነኝ።»

«እማዬ፣ ሰላም እንዲሰጥሽ ብዬ...»

«ሰላም አልሰጠኸኝም። ረሃብ ነው የሰጠኸኝ።»

አባ ጣልቃ ገቡ። «ልጄ ብሩክ፣ እኔም ይህን የሬዲዮህን ነገር ሰምቻለሁ። ነፍስ የፈጣሪዋ ናት፤ የሰጠ እሱ ይወስዳል። ለሞት ቀጠሮ የሚይዝ ሰው ከየት የመጣ ነው?»

«አባ፣ እኔ ማንም ይገደል አላልሁም! ሰውየው ራሱ ይወስን ነው ያልሁት። በፈቃዱ። ደጋግሞ ተጠይቆ፣ ሐኪሞች አይተውት...»

«ፈቃድ የእግዚአብሔር ነው። ጸበል አለ፤ ጸሎት አለ። ይህም ቢሆን ሆድን መቅደድ የሚያስፈልግ አይመስለኝም፤ ለእሱ መተው ነው።»

«ይኸው! እርስዎም እኮ እኔ ያልሁትን ነው የሚሉት።»

«እኔ? እኔ አንተ ያልኸውን?»

ሁለቱ ወንዶች ካልጋው በላይ፣ በእሷ አናት ላይ ይከራከሩ ጀመር። አንዱ ሕግ ይላል፣ አንዱ መጽሐፍ ይላል። አገርነሽ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን አየች። ከዚያ አጠገቧ ያለውን የቆርቆሮ ኩባያ አንሥታ ከግድግዳው ጋር አጋጨችው።

«እኔ እዚህ አለሁ!»

ሁለቱም ወደ እሷ ዞሩ።

«አባ፣ ይፍቱኝና፣ እግዚአብሔር ሐኪሟንም ቱቦውንም የፈጠረ አይደለም እንዴ? ጸበሉንስ ቢሆን በየት በኩል ነው የምጠጣው?» አባ ጺማቸውን ይዘው መሬት መሬት አዩ። አገርነሽ ወደ ብሩክ ዞረች። «አንተ ደግሞ በፈቃድ ነው አልህ። ካልተጠየቀ ማንም አይነካውም አልህ። ልክ ነኝ?»

«ልክ ነሽ።»

«እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ብሩክ ዓይኑን ወደ በሩ አዞረ።

«ሕጉ ገና ሳይመጣ፣ ሐኪሟ ‹ትኑር ወይ?› ብላ ስትጠይቅህ እኔን ሳታማክር ‹አይ› አልህ። ነገ ሕጉ ሲመጣ ‹እናቴ ፈቅዳለች› አትልም?»

«እንዴት እንዲህ ትያለሽ! እኔ ልጅሽ...»

«ክፉ ስለሆንህ አይደለም። ስለምታዝንልኝ ነው። ክፉ ብትሆንማ እጠነቀቅህ ነበር።» ትንፋሿ አጠረ፤ ምራቋን በጨርቅ ተቀበለችና ቀጠለች። «ስማኝ። ዛሬ እዚህ አልጋ ላይ የተኛሁት ማንም ‹ለምን ትኖሪያለሽ?› ብሎ ሳይጠይቀኝ ነው። መኖሬ ምክንያት አይሻም። አንተ የምትለው በር ከተከፈተ ግን፣ በሩ አጠገብ ቁጭ ያለች አሮጊት ሁሉ ትታያለች። ሥርጉት ሥራ ቀርታ ስታጥበኝ ጎረቤት ‹ምን ትጠብቃለች?› ይላል። አፉን አውጥቶ ባይል እንኳ በዓይኑ ይለዋል። እኔም አንድ ቀን ሥርጉት ደክሟት አያትና ‹በቃኝ› እላለሁ። ያ ፈቃድ ነው? ያ ፈቃድ አይደለም። ያ እፍረት ነው።»

ብሩክ ተነሥቶ ቆመ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ሲናገር የአስተማሪ ድምፁ አልነበረም።

«አባባስ? አጠገቡ እኔ ነበርሁ። ‹ይህን ቱቦ ንቀሉልኝ› ሲል እጄን ይዞ ነበር። ‹ልጄ፣ ሰው ከሆንህ ንቀልልኝ› አለኝ። ማንም አልነቀለለትም። ስንት ቀን እንደዚያ ሆኖ እንደቆየ ታውቂያለሽ። ለእሱስ ምን ትያለሽ?»

አገርነሽ ጨርቁን በእጇ አጣጠፈችው። ከደጅ የባጃጅ ጡሩምባ ተሰማ።

«አባትህ ለምኗል» አለች በመጨረሻ፤ ድምፅዋ ለስልሶ። «እኔም ሰምቼዋለሁ። ያን ጊዜ ደጉ ነገር ምን እንደነበር ዛሬም አላውቅም፤ አውቃለሁ የሚለኝንም ሰው አላምነውም። አንተን ግን ያ ነገር እንደ ጎዳህ አያለሁ። እኔ ላይ ስትወስን አባትህን ነበር የምታየው። ዓይንህን ወዲህ መልስና እኔን እየኝ። እኔ ለምኛለሁ?»

«አልለመንሽም።»

«እንግዲያው ነገ ሆስፒታል ትወስደኛለህ። አባ፣ አሁን ይቀቡኝ። ቅባቱ ለድኅነትም ነው፣ ለስንብት ብቻ አይደለም።»

«ነው እንጂ፣ ነው እንጂ» አሉ አባ፤ ጠርሙሱን ሲከፍቱ እጃቸው ቸኮለ።

በማግስቱ ሐኪሟ ዶክተር ምሥጋና መዝገቡን ይዛ ስትመጣ እንደ ልማዷ ፊቷን ወደ ብሩክ አዞረች። «እናትየው እንዴት ናቸው?» አለችው።

«እናትየው ወዲህ ናት» አለች አገርነሽ። «ሆዱም የኔ ነው።»

ዶክተር ምሥጋና ፈገግ ልትል ቃጣት፤ ተወችው። ወንበር ስባ ከአልጋው ፊት ለፊት ተቀመጠች። «ምን ያህል ነግረውዎታል፣ እማማ?»

«ነቀርሳ ነው፤ አይነቀልም። ካልተቀደድሁ በረሃብ፣ ከተቀደድሁ ደግሞ ቆይቶ በነቀርሳው። ተሳሳትሁ?»

«አልተሳሳቱም» አለች ሐኪሟ ቀስ ብላ። «ግን ሌላም የምነግርዎት አለ። ሰውነትዎ ተጎድቷል፤ ከቀዶ ጥገናው ላይነሡ ይችላሉ። ቱቦውም ሊመረቅዝ፣ ሊደፈን ይችላል። በአፍዎ መብላት ዳግመኛ አይኖርም። ቀላል ኑሮ አይደለም።»

የአገርነሽ ጣቶች አንሶላውን ጨመደዱ። እስካሁን ድረስ ተቆጥታ ስለ ነበር ፍርሃት ቦታ አላገኘም ነበር፤ አሁን ገባ። ሥርጉት አየቻት፤ ብሩክም አየ። አንድ ቃል ብትል፣ «ልተወው» ብትል፣ ሁለቱም እፎይ ብለው ወደ ቤት ይዘዋት እንደሚሄዱ ታውቃለች። ማንም አይወቅሳት።

«ቅደጂው» አለች።

የስምምነት ወረቀቱ ሲመጣ ብሩክ እስክሪብቶውን ተቀበለ። ልማድ ነው፤ እጁ ቀድሞት ነው። አገርነሽ መዳፏን ዘርግታ ጠበቀች። ሰጣት።

የቀዶ ጥገናው ተራ እስኪደርስ ከሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ ዋለች። እዚያ ሙኽታርን አገኘችው። ሙኽታር የሐይቅ ዳር ሰው ነው፤ ከደንገል ታንኳ ይሠራል፣ ዓሣም ያጠምዳል፤ ለስንት ዘመን የቆሮሶና የአምባዛ ዓሣ ያስረከባት እሱ ነው። አሁን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተጣጥፎ፣ ሚስቱ ራሂማ ጀርባውን ደግፋው፣ ጥርሱን ነክሶ ተቀምጧል።

«አገሬ! አንቺም እዚህ ወደቅሽ?»

«አልወደቅሁም፣ ልቀደድ ነው። እስከ ዛሬ ዓሣ ስንቀድድ፣ ተራው የኔ ሆነ። አንተስ?»

«እኔ አብቅቷል። አጥንቴ ውስጥ ገባ።» ትንፋሹን ሰብስቦ ጠበቀ፤ ሕመሙ እንደ ማዕበል መጥቶ እስኪያልፍ። «የልጅሽን ንግግር ሰምቼው ነበር። እኛ ዘንድ ሐራም ነው፤ አውቃለሁ። ግን ሲብስብኝ ‹ያ ረቢ፣ ያን የአገርነሽን ልጅ ስማልኝ› እላለሁ።»

«አስተግፊሩላህ በል!» አለች ራሂማ።

«ብያለሁ፤ ከዚያም ደግሞ እላለሁ።»

አገርነሽ የምትስቅ መስሏት ነበር፤ አልሳቀችም። እሑድ ዕለት ለብሩክ የተናገረችው ሁሉ ከዚህ ሰው ፊት ሲደርስ አጠረባት። እሷ መኖር ፈልጋ ነው የምትጣላው፤ ይህ ግን በእውነት ሞትን የሚለምን ሰው ነው፤ አፍሮም አይደለም፣ ያታለለውም ሰው የለም።

በዚህ መካከል ሲስተሯ መጣች። የሙኽታርን ፊት አየችና ራሂማን ወደ ጥግ ወሰደቻት፤ ድምፅዋን ዝቅ ብታደርግም የአገርነሽ ጆሮ ገና አልታመመም።

«ሞርፊኑን ዛሬም አይወስድም?»

«ትልቁ ልጃችን እንቢ አለ፤ ሱስ ያስይዘዋል፣ ቶሎም ይገድለዋል ብሎ ፈራ...»

«ምንድን ነው ሞርፊን?» አለ ሙኽታር ከወንበሩ።

ማንም አልመለሰለትም።

«ንገሩታ!» አገርነሽ ከመቀመጫዋ ተነሣች፤ በረንዳው ላይ ያለ በሽተኛ ሁሉ ዞረ። «ሕመም የሚያስታግስ መድኃኒት ነው፣ ሙኽታር! አለ! ልጅህ ነው እንቢ ያለልህ! ራሂማ፣ ልጅሽን ነው እንዴ የሚያመው? እሱን ጠይቂው!»

ራሂማ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ሙኽታር ሚስቱን ትክ ብሎ አያት፤ ቁጣ አልነበረበትም፤ የተገረመ ሰው ፊት ነበር። «ስጡኝ» አለ። «ቢገድለኝም ስጡኝ።»

«አይገድልዎትም፣ አባባ» አለች ሲስተሯ። «በልኩ ነው የምንሰጥዎት።»

በሽሮፕ ሰጡት። በማግስቱ ጠዋት አገርነሽን ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል በተሽከርካሪ አልጋ ሲወስዷት በበረንዳው አለፈች። ሙኽታር ተኝቶ ያደረ ሰው ይመስል ነበር፤ እግሩ እንኳ ተዘርግቷል።

«አሁንስ?» አለችው እያለፈች።

ሙኽታር አሰበበት። «አሁንም በቃኝ ነው የምል፣ አገሬ። ትናንት ግን እየጮህሁ ነበር የምለው። ዛሬ ረጋ ብዬ ነው።»

የምትመልስለት ነገር ፈለገች። «አንተ ካልህ ያንተ ነው» አለች። «ሌላ ሰው ግን ባንተ ስም አይበለው።»

«አይልም። ራሂማ ከትናንት ወዲህ ሁሉን ነገር ትጠይቀኝ ጀምራለች፤ ‹ትራሱ ከፍ ይበል? ዝቅ ይበል?› እያለች አሰለቸችኝ።»

በአልጋው ላይ እየሳቀች ነው የገባችው።

ከቀዶ ጥገናው ተነሣች። ሆዷ ላይ የተሰፋ ቁስል፣ ከቁስሉም የወጣች ጣት የማታክል ቱቦ ይዛ ቤቷ ገባች። ሥርጉት አጥሚቱን፣ ወተቱን፣ የዓሣ መረቁን በወንፊት እያጠለለች መርፌ በሌለው ትልቅ ስሪንጅ ታስገባላታለች። አገርነሽ መጀመሪያ ሰሞን አለቀሰች፤ ጣዕም ናፈቃት። ኋላ መላ አገኘች፦ ትንሽ ድልህ ምላሷ ላይ አድርጋ ታጣጥምና ትተፋዋለች። «ሆዴ ባይሰማውም ምላሴ ይስማ» ትላለች። ሙኽታርን ልጆቹ ወደ ሐይቁ ዳር ቤቱ ወሰዱት፤ ያን ሰሞን ዐረፈ፤ እስከ መጨረሻው ሽሮፑን ሲፈልግ እየጠየቀ፣ ሳይፈልግ እየተወ ነበር አሉ። አገርነሽ ለቅሶውን ሥርጉት ደግፋት ደረሰች። «በቃኝ» ያለው ሙኽታር ልክ ነበር ወይስ መኖርን የመረጠችው አገርነሽ፣ ራሂማ ልትጠይቃት ፈልጋ ነበር፤ አገርነሽ ግን እጇን ይዛ አጠገቧ ተቀመጠች።

ብሩክም ጨርሶ አልተለወጠም። እንደገና ሬዲዮ ላይ ተጋበዘ። አገርነሽ ስልኩን ጆሮዋ ሥር አድርጋ አዳመጠችው። ሰው የማይታገሠው ስቃይ እንዳለ ተናገረ፤ አባቱን ስም ሳይጠራ አነሣ። ከዚያ ግን፦ «በእኛ ቤት በሽተኛው አይጠየቅም። ቤተሰብ ነው የሚጠየቀው። በሽተኛው ሕመሙን እንኳ በማያውቅበት አገር ፈቃድ የሚለውን ቃል ሕግ ላይ ከመጻፋችን በፊት፣ ማስታገሻውን ለሁሉ ማዳረስና በሽተኛውን በስሙ ጠርቶ ማነጋገር መማር አለብን» አለ። ጠያቂው «ስለዚህ ተቃዋሚ ሆኑ ማለት ነው?» ቢለው «አይ፣ አልሆንሁም። እርግጠኛነቴ ነው የቀነሰ» አለ።

«ግማሽ መንገድ መጥቷል» አለች አገርነሽ ለሥርጉት። «የቀረውን በእግሩ ይምጣ።»

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ቱቦው ዙሪያ ማበጥ ጀመረ፤ ክብደቷም እንደገና ወረደ። ብሩክ ወደ ሆስፒታል ወሰዳት። ዶክተር ምሥጋና መረመረቻት፣ ፎቶ አስነሣቻት፣ ውጤቱንም አየች። ከዚያ ወደ በሩ ብቅ ብላ፦

«ወይዘሮ አገርነሽን ብቻቸውን ላነጋግር» አለች።

ብሩክ ከአግዳሚው ተነሥቶ ነበር፤ ተመልሶ ተቀመጠ። በሩ ተዘጋ። ስልኩን አወጣ፣ መልሶ ከኪሱ ከተተ። አጠገቡ የተቀመጠ አንድ የገጠር ሰው «እናትህ ናት?» ቢለው ራሱን ነቀነቀ። «ታዲያ አንተ ለምን አልገባህም?»

«አልተጠራሁም» አለ ብሩክ።

ውይይቱ ረዘመ። በሩ ሲከፈት አገርነሽ ምርኩዟን ተደግፋ ወጣች። ፊቷ አልተከፋም፣ አልበራም፤ የሚያስብ ሰው ፊት ነበር። ብሩክ ዘሎ ተነሣ።

«ምን አሉሽ?»

«ብዙ አሉኝ።»

«እኮ ምን? ከባድ ነው? ሌላ ቀዶ ጥገና ነው? እማዬ!»

«ሁለት መንገድ ነገረችኝ። የትኛውን እንደምይዝ ገና አላሰብሁበትም።»

«እንግዲያው ለኔ ንገሪኝና አብረን እናስባለን።»

አገርነሽ ቀና ብላ አየችው። ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል፤ ልጅ ሳለ ሲፈራ የሚሆነው እንደዚህ ነበር። አሳዘናት፤ እጇን ጉንጩ ላይ አሳረፈች። ግን አልነገረችውም።

«እነግርሃለሁ። መጀመሪያ ግን ራሴ ልስማው» አለች። «ሂድ፣ ባጃጅ ጥራልን።»